ሽንሌ ደርሷል፦ የቅዳሜ ፕሮግራማችን የሥራ ማስታወሻ

ማክሰኞ፣ ከስብሰባ በኋላ

ዛሬ ተወሰነ። «ሽንሌ» ከአፍ ቀልድነት አልፎ ራሱን የቻለ የአድማጮች ጨዋታ ሊሆን ነው፤ ማዘጋጀቱም ለእኔ ተሰጠ።

ነገሩ የተጀመረው በእንግዳ መዘግየት ነው። ፕሮግራማችን ከድሬዳዋ ቅዳሜ ጠዋት ከ4 እስከ 6 ሰዓት በሬዲዮ የሚተላለፍ፣ ሁለት አቅራቢዎች ያሉት፣ ዜናም ቁም ነገርም የማይበዛበት ጨዋታ ነው። አንድ ቀን የጋበዝነው ድምፃዊ ሳይመጣ ቀረና አቅራቢያችን «እንግዳችን መንገድ ላይ ነው፣ ሊደርስ ነው» እያለ ጊዜ ሲገፋ አንድ ጡረተኛ የባቡር ሠራተኛ ደወሉ። «ልጄ፣ አትድከም» አሉት። «በእኛ ጊዜ ከጅቡቲ የሚመጣው ባቡር ሲዘገይ ጣቢያ ሄደን ስንጠይቅ ‹ሽንሌ ደርሷል› ነበር የሚሉን። ሽንሌ ደርሷል ከተባልክ ቤትህ ሄደህ፣ ምሳህን በልተህ፣ አረፍ ብለህ ትመለሳለህ።» ሽንሌ በአሮጌው የጅቡቲ መስመር ከድሬ ቀጥላ ያለች ጣቢያ ነበረች፤ ከጅቡቲ ለሚመጣ ሰው ደግሞ ከድሬ በፊት የመጨረሻዋ።

ከዚያ ወዲህ ማቆሚያ የለውም። የሚዘገይ ነገር ሁሉ ሽንሌ ደርሷል። መብራት ሲጠፋ ሽንሌ ደርሷል፣ የደመወዝ ጭማሪ ሽንሌ ደርሷል፣ አንዷ አድማጫችን ሊያገባት ቃል የገባላት ሰውዬ ሽንሌ ከደረሰ ስንት ጊዜው። ትናንት ከቀፊራ ገበያ ስመለስ የባጃጅ ሹፌሩ በስልኩ ለሚጠብቀው ሰው «አቦ ሽንሌ ደርሻለሁ በቃ!» ሲል ሰማሁት። እኔ ሬዲዮ ጣቢያ እንደምሠራ አያውቅም።

በስብሰባው ሦስት ሐሳብ ቀረበ። አንደኛው ጂንግል (አጭር መለያ ዜማ) አሠርተን ቀልዱን በየግማሽ ሰዓቱ እናጫውት የሚል ነው። ሁለተኛው ሽልማት አድርገን ውድድር እናድርገው። ሁለቱንም ተቃወምኩ። አድማጭ የወለደውን ቀልድ ጣቢያው ጂንግል ካለበሰው አድማጩ ይተወዋል፤ የእሱ መሆኑ ቀረ ማለት ነው። ሽልማት ከገባ ደግሞ ሰው ለመሳቅ ሳይሆን ለመሸለም ይደውላል፣ ክርክሩም የምር ይሆናል።

ሦስተኛው የእኔ ነው። ቢቢሲ ሬዲዮ 4 ላይ እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ በሚተላለፍ አንድ የቀልድ ፕሮግራም ውስጥ «ሞርኒንግተን ክሬሰንት» የሚባል ጨዋታ አለ። ተጫዋቾቹ ተራ በተራ የለንደንን የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያዎች ይጠራሉ፤ መጀመሪያ «ሞርኒንግተን ክሬሰንት» ያለ ያሸንፋል። ሕግ የሚባል የለም። ሁሉም ግን ከባድ ሕግ እንዳለ ሆነው ነው የሚጫወቱት፤ ይከራከራሉ፣ ይቃወማሉ፣ «ይህ እንቅስቃሴ እኮ ተከልክሏል» ይባባላሉ። ቀልዱ እዚያ ላይ ነው። ያ ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1992 ተዘግቶ በ1998 ሲከፈት የመረቁት የፕሮግራሙ ሰዎች ናቸው። በእኛው ደግሞ መጀመሪያ «ሽንሌ» ያለ ያሸንፍ። ለድሬ ከዚህ የቀረበ ነገር ከየት ይገኛል? ከተማችንን የወለዳት ባቡር ነው።

ረቡዕ፣ ከዚራ

የአሮጌውን መስመር ጣቢያዎች ዝርዝር ለማጥራት ከዚራ ወደሚባለው ሰፈር ወጣሁ። ጡረተኛውን በስልክ አግኝቼአቸው ነበር፤ ከአሮጌው ጣቢያ ብዙም በማይርቅ ሻይ ቤት ጥላ ሥር ከሁለት የድሮ የሥራ ጓደኞቻቸው ጋር ጠበቁኝ። ወረቀት አውጥቼ «ጋሼ፣ ከአዲስ አበባ ይጀምሩልኝ» ስላቸው ተቆጡ።

«ለምን ከአዲስ አበባ? ሐዲዱ ከየት መጣ? ከጅቡቲ አይደለም እንዴ? ድሬ የደረሰው በ1902 በፈረንጅ ነው። አዲስ አበባ 1917። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ባቡሩ እዚህ ነበር የሚያድረው። ከጅቡቲ ጻፍ።»

ጻፍኩ። የስኳር ዕቃውን ጅቡቲ አደረጉት፣ የጓደኛቸውን የሲጋራ ፓኮ አሊ ሳቢህ፣ ከዚያ ደወሌ፣ አይሻ፣ አዲጋላ እያሉ የክብሪት እንጨት በጠረጴዛው ላይ ይደረድራሉ። የሻይ ብርጭቋቸው ድሬ ሆነ። ከእሱ ወዲያ ሁርሶ፣ ኤረር፣ አፍደም፣ ሚኤሶ፣ አዋሽ፣ መተሃራ፣ ወለንጭቲ፣ አዳማ፣ ሞጆ፣ ቢሾፍቱ፣ አቃቂ። ጠረጴዛው አለቀ፤ አዲስ አበባ የጎረቤት ጠረጴዛ ላይ ያለ የሰው ቡና ሆነች። አስተናጋጇ ልታነሳው ስትመጣ «ተይ፣ ዋና ከተማ ነው!» ብለው ጮኹባት። በመሃል አንዱ ጓደኛቸው በሊቶሪና (በመንገደኛ ባቡር) እና በእቃ ባቡር መሃል ስላለው የሰዓት ልዩነት ሌላ ክርክር ከፈተና ግማሽ ሰዓት ወሰደብኝ። አልቆጨኝም። የቀረጽኩት ድምፅ ለሁለት ቅዳሜ ይበቃል።

ያገኘሁት ዋናው ነገር ግን ዝርዝሩ አይደለም። የእንግሊዞቹ ጨዋታ ሕግ የሌለው መሆኑ ነው የሚያስቀው። የእኛዎቹ ሽማግሌዎች ግን ሕግ አላቸው፣ ያውም እውነተኛ። «ኤረር ያልክ ሰው ቀጥለህ አዋሽ ልትል አትችልም፤ በአባቴ ጊዜ ባቡሩ የእንፋሎት ነበር፣ ውሃ ሳይሞላ ወዴት ይሄዳል?» አሉኝ፤ አባታቸው ማኪኒስት፣ ባቡር ነጂ ነበሩ። በዚያው ዳኛ አድርጌ ሾምኳቸው። ማዕረጋቸው የጣቢያ ሹም፤ ደመወዝ የለውም፤ ፍርዳቸው ይግባኝ የለውም።

ሐሙስ፣ የስልክ ጣጣ

ጨዋታው በአንድ ጊዜ ሁለት ደዋይ ይፈልጋል፤ ከጣቢያ ሹሙ ጋር ሦስት ይሆናሉ። እስካሁን በአንድ መስመር ነበር የምንሠራው።

ጣጣው የመልስ ድምፁ ላይ ነው። ለደዋዩ ከስቱዲዮ የሚላክለት ድምፅ ውስጥ የራሱ ድምፅ መኖር የለበትም፤ ካለ ማሚቶ ሆኖ ይመለስበታል፣ ሲብስም መጮህ ይጀምራል። መፍትሔው ለእያንዳንዱ ስልክ በሚክሰሩ (ድምፆችን በሚያዋህደው መሣሪያ) ላይ የራሱን የአክስ መውጫ (ድምፅ ለብቻ የሚላክበት) መስጠትና በዚያ መውጫ ላይ የዚያን ስልክ ቻናል ብቻ ዜሮ ማድረግ ነው። አንደኛው ደዋይ አቅራቢዎቹን፣ ሁለተኛውን ደዋይና ሹሙን ይሰማል፣ ራሱን አይሰማም። ለሌሎቹም እንደዚያው። የእኛ ሚክሰር ያለው አራት አክስ ነው፤ አንዱ ለአቅራቢዎቹ ማዳመጫ ተይዟል። ሦስት ስልክ፣ ሦስት አክስ። ልክ ሆነ፤ ግን አራተኛ ሰው የማስገባት ሐሳብ ከዚህ በኋላ አይነሳ።

ቀጥሎ የሰባት ሰከንዱ ነገር። በቀጥታ ስልክ ስንቀበል ድምፁን ሰባት ሰከንድ አዘግይተን ነው የምናስተላልፈው፤ የማይሆን ቃል ከተባለ ቁልፉን እጫንና አየር ላይ ሳይወጣ ይጠፋል። ችግሩ ቤቱ ውስጥ ሬዲዮ ከፍቶ የሚደውል ሰው ነው። ከሰባት ሰከንድ በፊት የተናገረውን ከሬዲዮው ይሰማና ግራ ይጋባል። ዛሬ በአየር ላይ ባደረግነው ሙከራ ነምበር ዋን ከሚባለው ሰፈር የሚደውሉት እናታችን (የአየር ማራገቢያ ፋናቸው ሲጢጥ ሲጢጥ የሚለው፤ ስለሱ እመለሳለሁ) ሬዲዮውን ሳይቀንሱ ገቡ።

«ጤና ይስጥልኝ።»

«እንደምን አደሩ እማማ፣ ሬዲዮውን ቀንሱልን።»

ዝምታ። ቀጥሎ ከሬዲዮው የራሳቸው «ጤና ይስጥልኝ» መጣ። «እንዴት አደርሽ እህቴ» ብለው ለራሳቸው መለሱ። ከዚያ ሰላምታው ከነመልሱ እየተመለሰባቸው ሦስት ዙር ሄደ። ቴክኒሻናችን ወንበሩ ላይ ተጠቅልሎ ቀረ። ከሙከራው ቀረጻ አውጥቼ አስቀመጥኩት፤ ካልፈቀዱልኝ ደግሜ አላስተላልፈውም።

የስልክ ድምፅ በተለመደው መስመር ከ300 እስከ 3400 ኸርዝ ነው የሚይዘው፤ ጉርምርምታው የለም፣ ጥርት ያለው ላይኛው ድምፅም የለም። በቴሌግራም የሚላከው የድምፅ መልእክት ከዚያ በጣም ይሻላል፤ ሆኖም ጨዋታውን በቴሌግራም እናድርገው የሚለውን አልተቀበልኩም። በተቀዳ ድምፅ መከራከር አይቻልም፤ ማቋረጥ ከሌለ ሳቅ የለም። ቴሌግራሙ ለአድማጮች አስተያየት ይሁን።

አርብ

ጸጥ ያለ ቀን። ዝርዝሩን በትልቅ ካርቶን ጽፌ ስቱዲዮው ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። ሰዓቱን ወደ ከሰዓት እናዛውረው የሚል ሐሳብ እንደገና መጣ። አይሆንም። ከ8 ሰዓት በኋላ ድሬ በርጫ (ጫት) ላይ ናት፤ በርጫ ላይ ያለ ሰው ከደወለ ስልክ አይዘጋም።

ቅዳሜ፣ የመጀመሪያው ጨዋታ

ተጫዋቾች፦ አንድ የሳቢያን ሰፈር ወጣትና አንዲት የለገሀሬ ሰፈር ባለሱቅ። የጣቢያ ሹሙ ከቤታቸው።

አቅራቢያችን መግቢያውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሰው፦ «ድሬ ውስጥ የሚዘገይ ነገር ሁሉ ሽንሌ ደርሷል፤ ዛሬ እዚያ ቀድሞ የሚደርሰውን እናያለን።» ይህን ዓረፍተ ነገር ሦስት ቀን ተከራክረንበታል። ዛሬ ሬዲዮ የከፈተ ሰው የአራት ሳምንት ታሪክ ሳይነገረው መሳቅ መቻል አለበት፤ የቆየው አድማጭ ደግሞ ማብራሪያ አያስፈልገውም፣ ይሰለቻል። አንድ ዓረፍተ ነገር ሁለቱንም ያስማማል።

ወጣቱ በአዳማ ጀመረ። ባለሱቋ ደወሌ አለች። ሹሙ አቋረጡ፦ «ደወሌ ድንበር ናት፣ ጉምሩክ አለ። ዕቃ ይዘሻል?» «አልያዝኩም አባቴ።» «ባለሱቅ ሆነሽ ዕቃ ሳትይዢ ከደወሌ? ቁሚ፣ አንድ ተራ አለፈሽ።» እዚህ ላይ ስቱዲዮው ፈረሰ። ባለሱቋ ግን አልተሸነፈችም፤ ተራዋ ሲደርስ «አዲጋላ፣ በሌሊት» አለች። ሹሙ ጥቂት አሰቡ። «በሌሊት ከሆነ ይቻላል።» ከዚያ ወዲህ ሁሉም ጣቢያውን ከሰዓቱ ጋር መጥራት ጀመረ። ይህን ሕግ እኛ አላወጣነውም፣ ከለገሀሬ መጣ።

ወጣቱ በሦስተኛው ዙር «ሽንሌ!» ብሎ ዘለለ። «ከየት ተነስተህ?» ጠየቁት። «ከሁርሶ።» «ሁርሶ በአዲስ አበባ በኩል ነው፣ ሽንሌ በጅቡቲ በኩል። መሃል ላይ ማን አለ?» «...ድሬዳዋ።» «ሰላም ሳትላት አለፍክ ማለት ነው።» ተቀጣ።

ያሸነፈችው ባለሱቋ ናት። ሽልማት የለም፤ ቢሆንም በዚያች ሳምንት የሚዘገይ ነገር ሁሉ በስሟ ይዘገያል ብሎ አቅራቢው ፈረደላት።

ከሐረር አንድ አስተማሪ ደወለ። የኤፍ ኤም ሞገድ በመጠኑ ቀጥታ ነው የሚጓዘው፣ ጋራ ዞሮ አይሄድም፤ እኛ በ1200 ሜትር ግድም ከታች፣ እነሱ ከደንገጎ ተራራ ወዲያ ከላይ ናቸው። ስለዚህ ብዙዎቹ የሚያዳምጡን በኢንተርኔት ነው፤ ኢንተርኔቱ ደግሞ ከአየሩ በላይ ግማሽ ደቂቃ ያህል ይዘገያል። እኛ ስቀን ስንጨርስ እነሱ ይስቃሉ። አቅራቢያችን «ሐረሮች፣ ሳቃችሁ ሽንሌ ደርሷል» አላቸው። አስተማሪው ዝግጁ ነበር፦ «ከተማችሁ ስትቆረቆር አዲስ ሐረር ነበር የተባለችው። ባቡሩ ዳገቱን መውጣት ሲያቅተው እዚያ ታች ጥሎአችሁ ነው። እናት ደግሞ ልጇን እየጠበቀች ነው የምትሄደው።» እውነቱን ነው፤ መስመሩ ሐረርን የተወው በተራራው ምክንያት ነው። መልስ አጣን። ከዛሬ ጀምሮ ሐረር በግማሽ ደቂቃ ዘግይቶ የሚስቅ ቋሚ ተጫዋች ነው።

ሰኞ፣ መልእክት ማጣራት

የአጭር መልእክቱ ክምር ደረሰ። ግማሹ በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛ ነው፤ ለማንበብ ድምፅ ማውጣት ይጠይቃል። በፊደላችን ሲጻፍ አንድ አጭር መልእክት 70 ሆሄ ብቻ ነው የሚይዘው፣ በላቲን 160፤ ሰው ብሩን ያውቃል። ሆኖም የሚሻሉት ቀልዶች በፊደል የመጡት ናቸው። 70 ሆሄ ውስጥ መግቢያ የለም፣ «ሰላም ለእናንተ ይሁን አዘጋጆች» የለም፤ ቀጥታ ወደ ነገሩ ነው። «የባለቤቴ ወጥ ሽንሌ ደርሷል፣ እኔ ጅቡቲ ደረስኩ» የሚለውን ለቅዳሜ መረጥኩት።

የቀልድ ደብተሩን አስተካከልኩ። እያንዳንዱ ተመላላሽ ቀልድ አንድ ገጽ አለው፦ ከየትኛው ሰፈር መጣ፣ መጨረሻ መቼ ተባለ፣ አዲስ ሰው ይገባዋል ወይ። ስም አልጽፍም፣ ሰፈር ብቻ፤ በአየርም እንደዚያው። የነምበር ዋኗ እናት ፋን ገጹ ሞልቷል። በቀጥታ ስርጭት ላይ ሲጢጥ ሲጢጥ ሲል ተሰማና አድማጮች በየሳምንቱ «ፋኑ እንዴት አደረ?» ማለት ጀመሩ፤ ከገንደ ቆሬ የደወለ ኤሌክትሪሽያን በስልክ ምርመራ አደረገለት። አሁን ግን ይብቃው። ሦስት ሳምንት በተከታታይ አዲስ ነገር አልጨመረም፤ ሰው የሚስቀው ትዝ እያለው ነው። ፋኑን ቅዳሜ በይፋ ጡረታ እናወጣዋለን። የጡረታ ንግግሩን የጣቢያ ሹሙ ያድርጉ፣ ልምድ አላቸው።

አንድ መልእክት ወደ ጎን አደረግኩ። ባቡሩ ደቻቱ ወንዝ ውስጥ ዋና ሲማር ዘገየ የሚል ነው። ጽሑፉ ጎበዝ ነው፣ አቅራቢያችንም ወደደው። ግን ደቻቱ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሌሊት ላይ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። የሚያዳምጠን ሰፈር ውስጥ ዛሬም ስሙ ሲጠራ ዝም የሚል ሰው አለ። የላከው ልጅ በዚያ ዓመት አልተወለደም ይሆናል። ደወልኩለትና ሌላ ጻፍልን አልኩት፤ ምክንያቱንም ነገርኩት። «እማዬን ልጠይቃት» ብሎ ዘጋ። ማምሻውን ሌላ ላከ፣ ስለ አዲሱ ባቡር፦ «ባቡር ልሳፈር ከዚራ ሄጄ ግማሽ ቀን ጠበቅሁ፤ አዲሱ ጣቢያ ከከተማ ውጪ ነው አሉኝ።» ይህ ይገባል።

አንዱን ሰፈር ለይቶ የሚነካ ቀልድም ወደዚያው ጎን ሄደ። የዘገየው ባቡሩ፣ እንግዳው፣ መብራቱ ወይም ራሱ ተናጋሪው ይሁን። አንድ ሰፈር ሁሌ የሚዘገይ ከተባለ ግን በሁለት ሳምንት ውስጥ ጨዋታ መሆኑ ይቀራል።

ማክሰኞ፣ ስብሰባ

የቢቢሲው ፕሮግራም ከሰሜን ዌልስ ደብዳቤ የምትጽፍ፣ በእውን የሌለች አንዲት አድማጭ አለችው፤ በየጊዜው ደብዳቤዋ ይነበባል። እኛም እንፍጠር የሚል ሐሳብ ከባልደረባዬ መጣ። ለእነሱ ይሠራል፣ ለእኛ አይሠራም። ፕሮግራማችን የቆመው ሰው ጎረቤቱን በሬዲዮ ስለሚሰማ ነው። የፈጠርነው ሰው በማግስቱ መጋላ ገበያ ላይ ካልታየ ድሬ በአንድ ቀን ታውቀዋለች። ደግሞስ የምንፈጥረው ሰው ከነምበር ዋኗ እናታችን በምን ይበልጣል? (ፈቅደውልኛል። «ከእህቴ ጋር ያወራሁትን አስሙት፣ ደስ የምትል ሴት ናት» አሉ።)

ስፖንሰር መጥቷል። ጨዋታው በስሙ እንዲጠራ ይፈልጋል። ከጨዋታው በፊትና በኋላ ማስታወቂያ ይችላል፣ ውስጡ ግን አይገባም የሚለውን አቋሜን በጽሑፍ አስገባሁ። ሥራ አስኪያጃችን ገና አልወሰኑም። ብሩ እንደሚያስፈልግ አውቃለሁ፤ ሚክሰሩ አርጅቷል፣ ቀትር ላይ ስቱዲዮው ሲሞቅ አንዱ ቻናል ይንጫጫል። ቢሆንም የጣቢያ ሹሙ በፍርዳቸው መሃል የሳሙና ስም ቢጠሩ ፍርዱን ማን ያምናል?

የኦሮምኛና የሶማልኛ ደዋዮች ጉዳይም ተነሳ። ጣቢያ መጥራት ትርጉም አይጠይቅም፤ አዲጋላ በሁሉም አፍ አዲጋላ ነው። ችግሩ ክርክሩ ላይ ነው። ሁለተኛዋ አቅራቢያችን ሁለቱንም ስለምትችል እሷ ወደ ሹሙ ታሻግራለች፤ ሹሙ ግን ሶማልኛ እሳቸውም እንደሚችሉ ለኔ በሹክሹክታ ነግረውኛል። ለማንም አልተናገርኩም። አንድ ቅዳሜ ደዋዩ በሶማልኛ ሲያማቸው ሰምተው ራሳቸው ይመልሱለታል።

ለመጪው ቅዳሜ የሚጫወቱት የሰይዶ ሰፈር ፀጉር አስተካካይና የሐረሩ አስተማሪ ናቸው። አስተማሪው የኢንተርኔት ስርጭቱን ዘግቶ በስልክ ብቻ እንዲያዳምጥ ተስማምተናል። ጉዞው ከጅቡቲ ይጀምራል፤ ሹሙ አዘዋል።